ዓባይ በረሃን በቪትዝ

ከጎሐ ጽዮን አለፍ እንዳሉ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይጥልዎታል። በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ። ደጋው ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ወንዙ ዳር ሲደርስ ሹራቡንም ያወልቃል።

ይህን መንገድ ከልጆችና ከልጅ ልጆች ጋር በቪትዝ ተመላልሰንበታል። የመጀመሪያው ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ፣ ክብደቱ አንድ ቶን የማይሞላ መኪና ነው። ባለ አንድ ሊትር ሞተሩ ቤንዚን የሚቆጥበው መኪናው ቀላል ስለሆነ ነው። አራት ሰውና ሻንጣ ሲጭኑበት ግን የክብደቱን ሲሶ ያህል ጨመሩበት ማለት ነው።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ከወረዱ የፍሬን ሸራው ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። አውቶማቲክ ከሆነ ካምቢዮውን ከ«ዲ» ወደ «2»፣ ሲብስም ወደ «ኤል» ያውርዱት፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። እግርዎ ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ቤንዚኑ ስለሚቋረጥ፣ ሞተሩ ቢጮህም ነዳጅ እየበላ አይደለም። የልጆች ጆሮ ሲደፈን ውኃ፣ ለሕፃን ጡት ይሰጥ፤ መዋጥ ይከፍተዋል።

ታች በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ሲሻገሩ የደጀን ዳገት ይጀምራል። ሞተርም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ኤሲውን አጥፍተው፣ በከባድ ማርሽ፣ ሳይቸኩሉ ይውጡ። ከኋላ የመጣ አውቶቡስ ክላክስ ቢያደርግ ዳር ይዘው ያሳልፉት። ቪትዝ ዳገቱን ይወጣዋል፤ የሚፈልገው ታጋሽ ሹፌር ነው።