ሃምሳ ዓመት ያልተፈለገው ሰው

አንዳንድ መጽሐፍ የሚነበብበት ቦታ ሊመረጥለት ይገባል። እኔ ግን የኤድጋር አለን ፖን የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ይዤ ላሊበላ ገባሁ! ማታ መብራት ጠፋ። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ የላስታ ብርድ በበሩ ሥር እየገባ የሻማዬን ብርሃን ያርገበግበዋል። ውጪ ውሾች ይጮኻሉ። ጋቢዬን ተከናንቤ ንባቤን ቀጠልኩ።

ከሁሉም የያዘኝ ፖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ያሳተመው፣ በአንድ በርሜል ወይን ሰበብ የሚጀምረው ታሪክ ነው። ተሰደብኩ ብሎ ቂም የቋጠረ ሰው፣ በበዓል ምሽት ወዳጁን «ና ወይን ቅመስልኝ» ብሎ ምድር ቤት ያስገባዋል። ምድር ቤቱ የወይን ማከማቻም፣ የቤተሰቡ አፅም ማኖሪያም ነው። እዚያ በሰንሰለት ያስረውና ከነነፍሱ ግንብ ይገነባበታል። በመጨረሻ ከግንቡ ወዲያ የሚሰማው የሟቹ ቆብ ላይ ያለው ቃጭል ብቻ ነው። የሚያወጋን ደግሞ ገዳዩ ራሱ ነው፤ ያውም ከሃምሳ ዓመት በኋላ! ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ቤተ ጊዮርጊስ ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያኑን በከበበው የዓለት ግድግዳ ፍልፍል ውስጥ የደረቁ አስከሬኖች አሉ፤ ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው እዚሁ ያረፉ ምእመናን ናቸው ይባላል። እግራቸው ይታያል። የሌሊቱ ታሪክ መጣብኝና አጠገቤ ለቆሙት አረጋዊ ካህን አወጋኋቸው። ያማትባሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣

«ዘመድ አልነበረውም?» አሉኝ።

«ኧረ ሚስት ነበረችው አባ። ቤት ትጠብቀኛለች ሁሉ ብሎ ነበር።»

«ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የት ገባ ያለ የለም?»

ሌሊቱን ሁለቴ ሳነበው ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም።

«እነዚህስ አባ?» አልኩ ወደ ፍልፍሉ እያመለከትኩ።

«እነዚህማ ወደው የመጡ ናቸው ልጄ። ነፍስ ይማር የሚላቸው አላጡም።»

ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚወስደውና «ሲኦል» በሚሉት ጨለማ ዋሻ አለፍኩ። ባትሪ አልያዝኩም። ግድግዳውን እየዳበስኩ ስሄድ ትዝ ያለኝ የፖ ሰውዬ አልነበረም፤ አጎቴ ነው። በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ መጣሁ ብሎ እንደወጣ ቀረ። አያቴ እስክትሞት ድረስ ሌሊቱን በሩን ሳትቀረቅር ታድር ነበር። ከቀብሯ በኋላ የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። ሌባ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ጨለማው ውስጥ ዓመቱን ቆጠርኩት። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል።

ከዋሻው እንደወጣሁ እናቴ ጋ ደወልኩና የወንድሟ ፎቶግራፍ የት እንዳለ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም አለች።

«ዛሬ ምን አስታወሰህ?» አለችኝ።