አገር ያለበት ስም

ይድረስ ለውድ አባቴ፦

እናቴ ወገባቸው ተሻላቸው? ላሊበላ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማታ ግን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጋቢ ያስደርባል።

የዛሬው ደብዳቤዬ በተለይ ለእርስዎ ነው። ህንዳዊውን የሂሳብ አስተማሪያችሁን «ስንት አምላክ ነው ያላችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቋቸው ስቀው ወደ ሰሌዳው ዞሩ ይሉን አልነበር? መልሱን እዚህ ላስታ ያገኘሁት መሰለኝ።

ቤተ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ጫማዬን ለጠባቂው ልጅ ሳስረክብ፣ በአገራቸው ሳንስክሪት የሚያስተምሩ አንዲት ህንዳዊት አጠገቤ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ይፈታሉ። ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በግዝፈት ይህን የሚስተካከል የለም፤ ርዝመቱ ብቻ 33 ሜትር ያልፋል። አስጎብኚው «መድኃኔ ዓለም ማለት የዓለም አዳኝ ነው» ሲላቸው ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። «እኛም ፑሪ በምትባል ከተማ ጃጋናት አለን» አሉት። «ጃጋት» ዓለም፣ «ናታ» ጌታና ጠባቂ ነው። የሚገርመው «ጃጋት» የመጣው «ሄደ» ከሚል ግሥ መሆኑ ነው፤ ዓለምን የሰየሟት በመንቀሳቀሷ ነው። የፑሪው ቤተ መቅደስ በ12ኛው መቶ ዘመን ስለተሠራ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ብዙም አይርቅም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ሕዝቡ የጃጋናትን የእንጨት ምስል በትልቅ ሠረገላ ላይ አድርጎ፣ በገመድ እየጎተተ እስከ ሌላ ቤተ መቅደስ ያደርሰዋል።

ጥግ ይዘው ዳዊት የሚደግሙ አንድ መሪጌታ ወሬያችንን ሰምተው ኖሮ «የኛንም ንገሯቸው እንጂ!» አሉ። እግዚእ ጌታ፣ ብሔር አገር፤ እግዚአብሔር የአገር፣ የዓለም ጌታ። የነሱ ስም ከመሄድ ሲነሳ የኛው መሬት ይዟል። ሥሩም ጥልቅ ነው። ከክርስትና በፊት የተቀረጹ የአክሱም ጽሑፎች አስታርን፣ ብሔርንና ምድርን በአማልክትነት ይጠሯቸዋል። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ካመነ በኋላ ግን «የሰማይ ጌታ» እያለ ማስቀረጽ ጀመረ። ራሱን ችሎ ሲመለክ በነበረው በብሔር ላይ ጌታ ተሾመበት ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ሴትዮዋም ጃጋናትን መጀመሪያ በጫካ ያመልኩት የነበሩት የሳቫራ ጎሳ ሰዎች ናቸው የሚል ትውፊት እንዳላቸው ነገሩን።

«አምላክ» የሚለው ደግሞ ከ«መለከ»፣ ማለትም ገዛ ከሚለው የወጣ ነው፤ ቅርጹ ግን በግዕዝ ፈረስ ሲበዛ አፍራስ እንደሚባለው የብዙ ነው። እኛ አንዱን እንጠራበታለን፤ ሲበዛብን አማልክት እንላለን። የዕብራይስጡ ኤሎሂምም እንዲሁ በቅርጹ ብዙ ነው። «ግርማውን ሲያሳይ ነው» አሉ መሪጌታው ጢማቸውን እየዳበሱ። ይህን ስተረጉምላቸው ሴትዮዋ ጃጋናት ራሱ የቪሽኑ መገለጫ መሆኑን፣ ቪሽኑም 1000 ስሞቹ በጸሎት እየተዘረዘሩ እንደሚመሰገን አወሩን። «ባለቤቱ ግን አንድ ነው» አሉ። የኛስ ልፋፈ ጽድቅ ስንት ኅቡእ ስም ይዞ አይደል ከሟች ጋር የሚቀበረው?

ውስጥ ገብተን በአንደኛው ጥግ ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ የተዘጋጁ የሚባሉ ሦስት ባዶ መቃብሮች አየን። እዚያ ደግሞ የአምላክ ስም አገርም ዓለምም አልያዘም፤ አምላከ አብርሃም፣ አምላከ ይስሐቅ፣ አምላከ ያዕቆብ እየተባለ በወዳጆቹ ይጠራል።

ታቦትና ምስል አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዳይቆጡኝ። ግን ስም ቆጥሮ አማልክት መቁጠር አይቻልም። ቢቻልማ እኛም ለዚያ የክፍላችሁ ጥያቄ መልስ ባጠረን።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ለእናቴ የላስታ ማር እገዛለሁ። እርስዎ ደግሞ የሰፈራችንን ቄስ «አምላክ የሚለው ብዙ ቁጥር ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁልኝ፤ ከቅዳሴ በኋላ እህል ቀምሰው ቢሆን ይሻላል።

ልጅዎ