ይምጣ፣ ይምጣ… በቃ!

ባለፈው ሐምሌ የአንድ ሕፃን ብስክሌት በተሳቢዬ ጎማ ስር አስገብቼ ጨፈለቅኩት። ብስክሌቱ ላይ ማንም አልነበረም። ልጁ ውኃ ጠማኝ ብሎ ከሁለት ደቂቃ በፊት ወርዶ ወደ ቤት ገብቶ ነበር። ይህን የምጽፈው ስለዚያች ሁለት ደቂቃ ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ከተማ ነው። በሥራ ቀናት ሌላ ሥራ አለኝ፤ ከዚያ ውጪ ደግሞ ድንኳን፣ ወንበርና ጠረጴዛ አከራያለሁ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ለቅሶ… ሐበሻ ባለበት ወንበር ያስፈልጋል። ዕቃውን የምጭነው ከፒካፔ ኋላ በሚታሰር ዝግ ተሳቢ ነው። እዚህ አብዛኞቻችን «ትሬለር» እንለዋለን፤ እኔ ግን አባቴ የሚጠራበት ስም ይቀናኛል።

ተሳቢ ጎትታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ፊት ሲጎተት የዋህ ነው፤ የትም ይከተላችኋል። ወደ ኋላ ስትገፉት ግን ጠባዩ ይለወጣል። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩ የፒካፑ ኋላ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የተሳቢው ጭራ ግን ወደ ግራ ይወጣል። ደንግጣችሁ አብዝታችሁ ብታዞሩ ደግሞ ሁለቱ ተጣጥፈው ይቆለፋሉ። አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ይብሳል፤ ለማሰብ ጊዜ ሳይሰጥ ይታጠፋል። አሜሪካ ውስጥ የትልልቅ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ወደ ኋላ መግፋትን ይፈተናል። እኔ ለምጎትተው ዓይነት ትንሽ ተሳቢ ግን ተራው መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ማንም አልፈተነኝም።

የፈተነኝ ሕዝብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተሳቢውን በሁለት መኪኖች መካከል ላስገባ ሃያ ደቂቃ ታገልኩ። የሠርግ እንግዳ ሁሉ ከበበኝ። አንዱ «ቀኝ ስበር!» ሲል ሌላው «ኧረ ግራ!» ይላል። በመጨረሻ ተሳቢውን ፈትተን አምስት ሰዎች በእጅ ገፍተን አስገባነው። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። የዚያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ፊቴ ይግል ነበር።

ስለዚህ ፒካፔን በሌላ ስለውጥ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፦ ተሳቢ ወደ ኋላ ለመግፋት የሚያግዘውን ቴክኖሎጂ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2015 ለ2016 ሞዴል ኤፍ-150 ፒካፕ አውጥቶት ነበር፤ ሌሎች አምራቾችም እየተከተሉ የየራሳቸውን ሠርተዋል። የእኔው አሠራር እንዲህ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማዞሪያ ያለ ክብ ነገር አለ። እጃችሁን ከመሪው ላይ ታነሳላችሁ። ተሳቢው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ስትፈልጉ ማዞሪያውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትፈልጉ ወደ ግራ ታዞራላችሁ። መሪው ብቻውን ይሽከረከራል። ፍሬንና ነዳጅ ብቻ የእናንተ ነው። የፒካፑ የኋላ ካሜራ ተሳቢው ላይ የተለጠፈ ምልክት እያየ የሁለቱን ማዕዘን ይለካል፤ ኮምፒውተሩ በዚያ ልክ መሪውን ያስተካክላል፤ ሊቆላለፉ ሲቀርቡም ያስጠነቅቃል።

እውነት ለመናገር ተአምር ነው። በመጀመሪያው ሙከራ የማላስገባው ቦታ ጠፋ። ደስታዬን አልችል ብዬ አዲስ አበባ ላለው አባቴ ደወልኩ።

አባቴ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ የአሰብን መንገድ እስኪዘጋው ድረስ በዚያ መስመር፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በጂቡቲ መስመር ሠርቷል። ሾፌር ከመሆኑ በፊት ግን ለዓመታት ረዳት ነበር።

«መሪውን ማን ያዘው?» አለኝ።

«መኪናው ራሱ።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«ፍሬን እይዛለሁ፤ ማዞሪያዋን አዞራለሁ።»

«ኋላ ማን ቆሟል?»

«ማንም። ካሜራ አለው እኮ አባዬ።»

ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ረዳቱ ማን ነው?» አለኝ። ሳቅኩ። የሽማግሌ ጥያቄ መሰለኝ።

በሐምሌው ቀን ለቅሶ ቤት ነበር የተጠራሁት። ድንኳኑ ሕዝቡ ሳይመጣ መተከል ነበረበት፤ ቸኩያለሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ መኪና ቆሟል፤ የቤቱ መግቢያ ጠባብ ነው። ማዞሪያዋን ያዝኩና ወደ ኋላ መግፋት ጀመርኩ። ተሳቢው በክር የተሳበ ይመስል ቀጥ ብሎ ገባ። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። እንደዚህ አሳምሬ ያስገባሁበት ቀን የለም እያልኩ በልቤ ራሴን አደንቃለሁ።

ድንገት የተሳቢው ጎን በመዳፍ ሁለት ጊዜ ጧ! ጧ! ብሎ ተመታ። «ኧረ ቁም! ቁም ልጄ!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ፍሬን ረገጥኩ።

ወርጄ ወደ ኋላ ስሄድ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት እናት እጃቸውን ተሳቢው ላይ አድርገው ቆመዋል። ጎማው ስር አንዲት ትንሽ ብስክሌት ተጨማዳለች። ሴትዮዋ ቃል አልወጣቸውም። እኔም። ስንቱን ሰከንድ እንደቆምን አላውቅም፤ ልጁ የውኃ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ ከቤት ሲወጣ ነው ሁለታችንም የተነፈስነው። ለቅሶ ቤት ሌላ ለቅሶ ይዤ ልገባ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። መሣሪያው የተባለውን ሠርቷል። ተሳቢውን ወደፈለግኩበት አስገባ በተባለው መሠረት አስገባው። ከኋላ ማን እንዳለ እንዲያይ ግን ማንም አላዘዘውም፤ ማየትም አይችልም። የፒካፑ ካሜራ ያለው ፒካፑ ኋላ ላይ ነው። ዝግ ተሳቢ ሲታሰር ካሜራው የሚያየው የተሳቢውን ግንባር ብቻ ነው፤ ከተሳቢው ኋላ ያለው ዓለም ለእሱ የለም። እኔ ግን ስክሪን ላይ ምስል ስላለ ያየሁ መሰለኝ። መመሪያው መጽሐፍ ዙሪያውን የማየት ኃላፊነት የሾፌሩ ነው ይላል። ያነበብኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ማታ አባቴ የነገረኝ ሁሉ አንድ በአንድ መጣልኝ። የእነሱ ተሳቢ የራሱ ተሽከርካሪ የፊት እግር ስላለው መታጠፊያው ሁለት ነው፤ ወደ ኋላ ሲገፋ ከእኔው እጥፍ ያስቸግራል። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ በስፖኪዮ የሚያየው ጎንና ጎኑን ነው። የቀረውን የሚያይለት ረዳቱ ነው። ታኮውን በአንድ እጁ ይዞ «ይምጣ፣ ይምጣ፣ ቀኝ ስበር፣ መልስ፣ ይምጣ… በቃ!» ይላል። ድምፁ በሞተር ከተዋጠ የመኪናውን አካል በመዳፉ ሁለቴ ይመታል፤ ያን ጊዜ ሾፌር አይጠይቅም፤ ያቆማል። የአባቴ ዋና ሕግ ደግሞ ይህ ነበር፦ ረዳትህን በስፖኪዮ ካላየኸው ቁም። የት እንዳለ ካላወቅክ ከጎማህ ስር ነው ብለህ አስብ።

እንግዲህ ረዳት ሥራው ሁለት ነበር ማለት ነው። አንደኛው መሪው ወዴት እንደሚዞር መንገር ነው። ሁለተኛው ማየት፣ መጠርጠር፣ «በቃ» ማለት ነው። ቴክኖሎጂው የመጀመሪያውን ወሰደልን፤ አሳምሮም ይሠራዋል። እኛ ግን ሁለቱንም የወሰደልን መስሎን ረዳቱን አሰናበትነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት እንደ መኪና ወደ ኋላ መግፋት የሚገባው ቦታ አላውቅም።

ድሮ ሲያስቸግረኝ እፈራ ነበር። ስለምፈራ ሦስት ጊዜ እወርዳለሁ፤ ኋላዬን አያለሁ፤ ሰው እጠራለሁ። ያ ያሳፈረኝ ሃያ ደቂቃ ማንንም ሊገድል አይችልም ነበር፤ አምስት ሰው ከኋላ ቆሞ እየጮኸብኝ ነበርና። ማዞሪያዋ ችግሬን ስትወስድልኝ ፍርሃቴንም አብራ ወሰደችው።

ይህ የእኔ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የኋላ ካሜራ ግዴታ እንዲሆን በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ የተሰየመው በአንድ የ2 ዓመት ሕፃን ስም ነው። ልጁን ከቤታቸው ደጃፍ ላይ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ የገጨው የገዛ አባቱ ነበር። የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ደንቡን ሲያወጣ እንዲህ ባሉ አደጋዎች በዓመት በአማካይ 210 ሰዎች እንደሚሞቱ ገልጾ ነበር፤ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ካሜራው ከ2018 ጀምሮ በአዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ካሜራ ሕይወት ያተርፋል፤ የምከራከረው በካሜራ ላይ አይደለም። ተሳቢ በተቀጠለ ቁጥር ግን ያ ካሜራ ዓይኑ እንደሚጋረድ እናስታውስ ነው የምለው።

አገር ቤት ላላችሁም ነገሩ ሩቅ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ በካሜራና በሴንሰር የተሞሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች የአዲስ አበባን መንገድ እየሞሉት ነው። ጢጥ ጢጥ የሚለውን ድምፅ ጥበቃው ወይም ጎረቤቱ «ይምጣ» ሲል እንደሚሰማው አድርጎ የሚያምን ሾፌርም አብሮ ይመጣል። የእኛ ሰፈር ልጆች ደግሞ የሚጫወቱት መንገድ ላይ ነው።

አሁን ምን አደርጋለሁ? ማዞሪያዋን አልተውኩም፤ ዛሬም እጠቀምባታለሁ። ተሳቢው ኋላ ላይ ሌላ ካሜራ አስገጥሜያለሁ። ከሁሉም በፊት ግን ወርጄ ዙሪያውን እዞራለሁ። እዚህ ያሉ የከባድ መኪና ሾፌሮች ለጀማሪ የሚደጋግሙለት ምክርም ይኸው ነው፦ ውረድና እይ።

ለልጁ አዲስ ብስክሌት ገዛሁለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላውን የአክስቴን ልጅ እየከፈልኩ ይዤ እወጣለሁ። እዚህ የተወለደ ነው። መጀመሪያ ቀን «ማዞሪያዋን ልሞክር?» አለኝ። «ትሞክራለህ፤ መጀመሪያ ግን ኋላ ቁም» አልኩት። አባቴም የጀመረው ከኋላ በመቆም ነው። ልጁ አማርኛው ይሰባበራል፤ «ይምጣ» ሲል ጠ ይከብደዋል። «በቃ!» ሲል ግን ጥርት አድርጎ ይለዋል።

ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ደውዬ ረዳት ቀጥሬያለሁ አልኩት።

«በስፖኪዮ ይታይሃል?» አለኝ።

«ይታየኛል።»

«እንግዲያው ንዳ።»