አቧራውን የቀደመ ንድፍ

እ.ኤ.አ. በ2023 የተነሣው ጦርነት ሳይበትነው በካርቱም ዴም የኖረ ሐበሻ የሃቡብን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በርና መስኮት ቢዘጋም አቧራው ከረከቦቱ ሲኒዎች ሳይደርስ አይቀርም። ሲኒ ይታጠባል፤ በቀዶ ጥገና የተከፈተ ደረትስ?

እ.ኤ.አ. በ2007 ከካርቱም በስተደቡብ በሶባ የተከፈተው የሰላም የልብ ቀዶ ጥገና ማዕከል ይህን ጥያቄ ገና በንድፉ መልሶታል። ወደ ሕንፃው የሚገባው አየር አስቀድሞ ከምድር በታች ባለ ጠመዝማዛ መተላለፊያ አልፎ አሸዋውን እንዲያራግፍና እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ተሠራ።

የሕክምና መሣሪያ ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ዕቃ አይደለም፤ ክብደቱ ወለሉን፣ ሙቀቱ ማቀዝቀዣውን፣ የኃይል ፍላጎቱ የመብራት መስመሩን ይወስናል። ዘግይቶ የታሰበ እንደሆነ ግድግዳ ያስፈርሳል፤ አለዚያም ከነሣጥኑ ያረጃል።

በዚያ ማዕከል፣ ሳይታከም በቀረ የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ የሱዳንና የኢትዮጵያ ልጆች በነፃ ታክመዋል። ከሐኪሙ አስቀድሞ ያሰበላቸው ሕንፃውን የነደፈው ሰው ነበር።