አሞራ ገደል ላይ ያየሁት

ሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት ነው የሚያምረው። ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲገቡ አባ ኮዳው ሰው እግር ሥር ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል። እሱን ለማየት መነጽር አያስፈልግም። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስር ግን ራቅ ብሎ ዛፍ ላይ ስለሚያርፍ ባይኖኩላር ይፈልጋል።

መጀመሪያ «ትልቁ ይሻላል» ብዬ 12 እጥፍ የሚያቀርብ ገዛሁ። ለካ የእጄን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል! አሁን የያዝኩት 8×42 የሚል ነው፤ 8 የማቅረብ አቅሙ፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ለወፍም፣ ለስታዲየም ኳስም ይበቃል። መነጽር የምታደርጉ የዓይን ማረፊያውን ጎማ ወደ ውስጥ እጠፉት። ልጆች ፀሐይ እንዳያዩበት አደራ!

ባለፈው የስድስት ዓመት የልጅ ልጄን ይዣት ሄድኩ። ለዓይኗ ሳስተካክልላት ቀኙን ሸፍኜ «ንስሩ ታየሽ?» አልኳት።

«አዎ እማማ።»

ግራውን ስሸፍን «ጥጥ ነው» አለችኝ። ማስተካከያውን ባዞረውም ያው ጥጥ። ቀኝ ዓይኗን በግራው መስታወት አሳየኋት፤ አሁንም ጥጥ። ችግሩ የመሣሪያው አልነበረም።

ስንት ዘመን በነርስነት የሰው ልጅ ስመረምር ኖሬ የቤቴን አላየሁም። ሕፃን አንድ ዓይኑ ቢደክም በሌላው እያየ ስለሚጫወት አይናገርም። ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። አሁን መነጽር ታደርጋለች፤ ደካማው እንዲሠራ ደህናው ዓይኗ በቀን ጥቂት ሰዓት ይሸፈናል። ሕክምናው በልጅነት ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚሠራው።

እናንተም የልጆቻችሁን ዓይን ተራ በተራ እየሸፈናችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አሳዩአቸው። ለዚህ ባይኖኩላር አያስፈልግም።