ከመባው በፊት

መስከረም 21 ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል ከአዲስ አበባ በደሴ መስመር የሚጓዝ ምእመን አጣዬን አልፎ ከሚሴ ከመድረሱ በፊት ጨፋ ሮቢትን ያቋርጣል። አውቶቡሱ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። የነፍስ እርካታ ያለው ተራራው ላይ ነው ተብሎ ከተማዋ በመስኮት ታይታ ትታለፋለች።

እዚያ የሚኖረው ኦርቶዶክሳዊ ጥቂት ነው፤ አካባቢው በብዛት ሙስሊም ነው። ረቡዕና ዓርብን የሚጾመው የጎረቤት ወጥ እየሸተተው ነው፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ይህ መቼም ለወሎ ሰው ወግ እንጂ ዜና አይደለም።

ከባዱ ሌላ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ መባ ይዞ የቀረበ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዟል። ልብ በሉ፤ የተቀየመው ሌላው ነው፣ የሚሄደው ግን መባ ያዡ።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢው ደም ፈስሶበታል፣ ቤት ነድዶበታል። ከዚያ ወዲህ «ወንድም» የሚለውን ቃል ለራስ ወገን ብቻ ማጥበብ ቀላል ሆኗል፤ ያንኑ የሚያመቻች ሰባኪም አይጠፋም። የገደለና ያቃጠለ በሕግ ይጠየቅ፣ እሱ የመንግሥት ዕዳ ነው። እጁ የሌለበትን ጎረቤት በጅምላ ቂም ይዞ 55 ቀን ሁዳዴን መጾም ግን ሆድን ያጎድላል እንጂ ልብን አይሞላም።

ለመቁረብ የተዘጋጀን ሰው የንስሐ አባቱ «የተጣላኸው አለ?» ሊሉት ይችላሉ። በዚህ መስመር መልሱ ከአጥር ማዶ፣ ድሮ ቡና ይጠራሩበት ከነበረው ቤት ሊሆን ይችላል። ደፍሮ ደርሶ የተመለሰ ሰው ማለዳ ኪዳን ሲቆም ጸሎቱ አይበታተንበትም፤ በመንገድ ሲያየው የሚሸሸው ጎረቤት የለውማ።