ከዳንፎርዝ ወደ ሐምበር፦ ቶሮንቶን በወንዟ በኩል ማየት

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን የቶሮንቶ ሐበሾች የምናስጎበኘው የታወቀ ነው። ዳንፎርዝ ላይ ቡና ይጠጣል፣ 553 ሜትር ከፍታ ካለው ሲኤን ታወር ሥር ፎቶ ይነሣል፣ በማግስቱም መኪና ሞልተን ወደ ናያግራ ፏፏቴ እንነዳለን። ናያግራ መታየቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ለዚህች ከተማ መነሻ የሆናት ወንዝ ከዳንፎርዝ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ቢርቅ ነው። ሐምበር ይባላል። ብዙዎቻችን ዓመታት ሙሉ በላዩ ስናልፍ ኖረን አንድ ቀን እንኳ ወርደን አላየነውም።

መነሻው የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከበዙበት ሰፈር አጠገብ ያለው ግሪንውድ ጣቢያ ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄደው የመስመር 2 ባቡር ከብሮድቪው ጣቢያ እንደወጣ ድንገት ብርሃን ይሆናል፤ ከዶን ወንዝ 40 ሜትር ያህል ከፍ ብለን እየተሻገርን ነው። ይህ ድልድይ የተከፈተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1918 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሠሪዎቹ ከተማው ገና የምድር ውስጥ ባቡር ሳይኖረው፣ አንድ ቀን ይመጣል ብለው ከመኪናው መንገድ ሥር የባቡር ማለፊያ አበጅተውለት ነበር። ባቡሩ የመጣው በ1966 ነው። እኛ ዛሬ በየቀኑ የምንሻገረው ያኔ በተሰናዳልን መንገድ ነው።

ኦልድ ሚል ጣቢያ ሲደርሱ ይውረዱ። ጥቂት እንደተራመዱ በ1916 የተሠራው ባለ ሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይና ከሥሩ የሚፈሰው ሐምበር ይታያሉ። ከድልድዩ ወደ ላይ ትንሽ ከፍ ሲሉ ዝቅ ያለ ግድብ አለ። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ከመጡ ሰው ዳር ዳሩን ተሰብስቦ ያገኛሉ፤ ከኦንታሪዮ ሐይቅ የመጣው ትልልቅ የሳልመን ዓሣ ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ ለመመለስ ግድቡን ሊዘል ይታገላል። አንዱ ሲሳካለት ሕፃን አዋቂው በአንድነት ያጨበጭባል። የሐይቁ የጥንት ሳልመን በወፍጮ ግድቦችና በመጠን የለሽ ዓሣ ማስገር ምክንያት በ19ኛው መቶ ዘመን ጠፍቷል። አሁን የሚዘለው በአብዛኛው ከፓሲፊክ ውቅያኖስ አምጥተው የለቀቁት ዝርያ ነው። ከሩቅ መጥቶ ወንዙን አገሩ አድርጎታል።

ከወንዙ በስተምሥራቅ ያለው ኮረብታ ባቢ ፖይንት ይባላል፤ ስሙ የፈረንሳይ ዘር ካላቸው የቆዳ ነጋዴዎች ቤተሰብ የመጣ ነው። ከእነሱ በፊት፣ በ1670ዎቹ፣ በዚሁ ቦታ ቴያያጎን የተባለ የሴኔካ ሕዝብ መንደር ነበር። ሕዝቡ ቦታውን የመረጠበት ምክንያት አለው። ሐምበር እስከ ላይ ድረስ በጀልባ አይሄዱበትም፤ ስለዚህ መንገደኛው በዚህ በኩል ጀልባውን ተሸክሞ ወደ ሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ይጓዝ ነበር፤ ከዚያ በሆላንድ ወንዝ ወደ ሲምኮ ሐይቅ፣ ቀጥሎም ወደ ላይኞቹ ታላላቅ ሐይቆች ይዘልቃል። የጣናን የደንገል ታንኳ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ የእነሱም በዛፍ ልጥ የተሠራ ቀላል ታንኳ ነበር። ይህ የሸክም መንገድ የቶሮንቶ የመጀመሪያው አውራ ጎዳና ነው።

ፈረንሳዮችም ይህን መንገድ የተማሩት ከነባሩ ሕዝብ ነው። በ1615 ኤቲየን ብሩሌ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ከሂውሮን ሰዎች ጋር በዚህ በኩል ወርዶ ኦንታሪዮ ሐይቅን እንዳየ ይታመናል። በወንዙ ዳር ያለው መናፈሻ በስሙ ተጠርቷል።

መናፈሻው ግን ሌላም ታሪክ አለው። ጥቅምት 15 ቀን 1954 ሌሊት ሄዘል የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ ሐምበርን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላው። በኦንታሪዮ 81 ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ 35ቱ በወንዙ ዳር በነበረ ሬይሞር ድራይቭ በተባለ አንድ መንገድ ላይ ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ በጎርፍ መውረጃ ላይ ቤት መሥራት ተከለከለ፣ መሬቱም ለሕዝብ መናፈሻ ተተወ። ዛሬ ልጆቻችን የሚሮጡበት ሣር በብዙ ሕይወት የተገዛ ነውና ስናልፍበት ልናስባቸው ይገባል።

ወንዙን ተከትለው ወደ ደቡብ በእግር ቢሄዱ ረግረጉንና የውሃ ወፎቹን እያዩ ሐይቁ ላይ ይደርሳሉ። በወንዙ አፍ ላይ 139 ሜትር ርዝመት ያለው ነጭ የቅስት ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ተሠርቷል። ከዚያ መሐል ከተማው በሙሉ ከውሃው ማዶ ይታያል፤ ለፎቶ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የሐይቁን ዳር ይዘው ወደ ምሥራቅ ሲያቀኑ ኤግዚቢሽን ፕሌስ ግቢ ውስጥ አንድ ሐውልት ይገኛል። ሩዬ የተባለው የፈረንሳዮች ምሽግ የነበረበት ቦታ ነው። ምሽጉ በ1750 እና 1751 የተሠራው የነባሩ ሕዝብ ነጋዴዎች የቢቨር ቆዳቸውን ሐይቁን ተሻግረው ለእንግሊዞች እንዳይሸጡ ለማስቀረት ነበር። በ1759 እንግሊዞች ሲያይሉ ጠባቂዎቹ ራሳቸው አቃጥለውት ሄዱ። እንግሊዞች ዮርክ ያሏትን ከተማ የቆረቆሩት በ1793 ነው፤ ቶሮንቶ የሚለውን የነባሩን ሕዝብ ስም መልሳ ያገኘችው በ1834 ነው።

የቀኑ መዝጊያ የጀልባ ጉዞ ይሁን። ከቤይ ጎዳና ግርጌ የሚነሣው ፌሪ በሩብ ሰዓት ገደማ ወደ ቶሮንቶ ደሴቶች ያሻግራል። ደሴቶቹ በ1858 አንድ ማዕበል ቆርጦ እስኪለያቸው ድረስ ከየብሱ ጋር የተያያዙ የአሸዋ ምድር ነበሩ። በ1808 የተሠራው የመብራት ማማ ዛሬም እዚያው ቆሟል። አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ከተማዋ መብራቷን አብርታ ፊት ለፊት ትቀበልዎታለች።

ወደዚህች ከተማ የመጣነው በአውሮፕላን ቢሆንም፣ የምንኖርባት ሰዎች ታንኳ ተሸክመው መንገዱን ባቀኑት ምድር ነው። ልጆቻችን ስለ ዓባይና ስለ ጣና ከእኛ አፍ ይስሙ፤ ሐምበርን ደግሞ በእግራቸው ይወቁት። የሚቀጥለው እንግዳዎ ሲመጣ ናያግራ አንድ ቀን ይቆይ። ቡናው ዳንፎርዝ ላይ ከተጠጣ በኋላ ልጆቹንም ይዛችሁ ግሪንውድ ተሳፈሩ፣ ኦልድ ሚል ላይ ውረዱ።